የጀብሪል ተራ

በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ቀድሞ ወጣ። ጤፉ ሳያሽት ቀረ፣ ገብሱም ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። በጥር ጎተራው ተጠረገ። በየካቲት የሚጠበቀው በልግ ሳይዘንብ አለፈ። ፍየሎች አለቁ፤ ቀጥለው ላሞች፣ ቀጥለው አህዮች። ሰው መጀመሪያ ለዘር ያስቀመጠውን በላ፣ ከዚያ ሳማ ቀቀለ፣ ከዚያ ስሙን የማናውቀውን ሥር ቆፈረ። ሽማግሌና ሕፃን ቀድሞ ሞተ። ቅሬያችን፣ ሞት ሲመጣ እስላም ክርስቲያን ሳይል የሚቀብረው ማኅበራችን፣ የሚቆፍርበት ጉልበት አጣ። የመቃብሩ ጥልቀት ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ ጮሆ የሚያለቅስም አልነበረም። ሰው ድምፁን ይቆጥብ ነበር።

ይህ የሆነው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው አገራችን ነው። አሁን በዚያ በኩል ዩኒቨርስቲ አለ። አጥር አለው፣ ፎቅ አለው፣ ዘበኛ አለው። አንዱ ግቢ እኛ ዘንድ ነው፣ ሌላው ቱሉ አውሊያ ነው። ተማሪዎቹ ሽማግሌ ሲያዩ ይቆሙና "አባባ፣ በፊት እዚህ ምን ነበር?" ይላሉ። "ዩኒቨርስቲ ነበር" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን እውነቴን ነው። ያኛው የተቋቋመው በጀብሪል እርሻ ላይ ነበር። የተቋቋመውም እኔ የጀብሪል ዕዳ ስለ ነበረብኝ ነው።

ዕዳው ገንዘብ አልነበረም። የእርሻ ተራ ነው።

እኔና ጀብሪል መሬታችን ይዋሰናል። እኔም አንድ በሬ ነበረኝ፣ እሱም አንድ በሬ ነበረው። በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ እንደ አገሩ ደንብ መቀናጆ ገባን፤ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምደን በተራ እናርሳለን። መጀመሪያ የአንዱ መሬት፣ ቀጥሎ የሌላው። ተራውን የወሰደ ሰው ተራ ዕዳ አለበት፤ የወሰደውን ያህል እስኪመልስ ድረስ ምንም ቢመጣ አይቀርለትም። እስላምና ክርስቲያን ሆነን በመቀናጀታችን ሰዉ ይቀልድብን ነበር። እኔ በሚካኤል በማርያም ከእርሻ እየቀረሁ፣ እሱ በጁምዓ እየቀረ፣ "በሬዎቻችሁ ሁለት ሃይማኖት ያከብራሉ፣ ገነት የሚገቡት እነሱ ናቸው" ይሉን ነበር።

በስድሳ አምስት ግንቦት ሊያልቅ ሲል ዝናብ ጣለ። በዚያን ጊዜ የማረስ አቅም የቀረው ሰው ጥቂት ነበር። እኛ በሬዎቹን ከራሳችን አፍ ቀንሰን አቆይተናቸው ነበር። ባለቤቴ ሐረግ ደግሞ አንድ ቁና ገብስ ከእኔም ደብቃ ነበር። ጀብሪልም ትንሽ ዘር አልጠፋውም።

"አንተ ቅደም" አለኝ ጀብሪል።

"ዕጣ እንጣል እንጂ።"

"የምን ዕጣ ነው? ያንተ መሬት ተዳፋት ነው፣ ርጥበቱን ነገ ይለቀዋል። የእኔ ሜዳ ነው፣ ይጠብቀኛል። ቅደም፣ አታድርቀኝ።"

ቀደምኩ። አርሰን ዘራን። የመጨረሻዎቹ ትልሞች ላይ ስንደርስ የጀብሪል በሬ ተንበረከከ። ጅራፍ አላነሳንበትም። ቀንበሩን ፈታንለት፣ አልተነሳም። ጀብሪል አየው፣ ቢላውን አወጣ፣ ቢስሚላህ ብሎ ሳይሞት ደረሰበት። ሥጋውን ከሁለት ከፈለው። በዚያ ዓመት የማን ቢላ ነው ብሎ የጠየቀ ክርስቲያን እኛ ሰፈር አልነበረም።

የታረሰው የእኔ ነበር፣ የሞተው የእሱ በሬ ነበር። በማግስቱ በሬዬን እየነዳሁ ቀንጃ የሚሆን በሬ ያለው ሰው ፍለጋ ከመንደር መንደር ዞርኩ። የሚቀናጀኝ አላገኘሁም። ሰኔ ሳያልቅ የእኔም በሬ ሞተ። የጀብሪል መሬት ሳይታረስ ቀረ።

ጀብሪል አገሩን ለቆ ሲሄድ ልጁን ሀሊማን በትከሻው ይዞ ነበር። ሚስቱ ኑርጃን ከኋላ ትከተለዋለች። በአቀስታ አድርገው ደሴ ሊገቡ ነው፤ እዚያ እህል ይሰጣል ተብሎ ነበር። ደጄ ላይ ቆመ።

"ተራዬ አንተ ዘንድ ናት" አለኝ።

"እኔ ዘንድ ናት።"

"ስመለስ ታርስልኛለህ።"

"ተመለስና ላርስልህ።"

"ኢንሻአላህ" አለ፣ ሄደ። ዘወር ብሎ አላየኝም። መንገዱ ረዥም ስለ ነበር ትንፋሹ ለዚያ ያስፈልገው ነበር።

የእኔ ገብስ በጥቅምት ደረሰ። ብዙ አልነበረም፣ ግን ሁለት ልጆቼ ከረሙበት። ሐረግ የመጀመሪያውን ቆሎ ስትሰጠኝ "የጀብሪል ነው" አለች። በልተን ተኛን።

ንጉሡ ወረዱ ሲባል ገበያ ሰማን። ደስ ያለው ነበር፣ የፈራ ነበር፣ እኛ ደክሞን ነበር። ከዚያ በስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት በጥር ወር ዘማቾቹ መጡ። የከተማው ዩኒቨርስቲ ተዘግቶ ተማሪው ሁሉ ወደ ገጠር እንዲወጣ ታዞ ነው። ካኪ ለብሰው በጭነት መኪና መካነ ሰላም ገቡ፤ ከዚያ በየቀበሌው ተበተኑ። እኛ ዘንድ የደረሱት ጥቂት ናቸው። አለቃቸው እንቁ የምትባል ልጅ ነበረች። ዩኒቨርስቲ ሕግ ትማር ነበር አሉን። ቀጭን ናት፣ ፈጣን ናት፣ ዳገት ስትወጣ ታለቅሳለች፣ ግን አትቆምም።

በመጀመሪያው ቀን ሰው ሰብስባ ስለ ረሃቡ ነገረችን። እኛ የምናውቀውን ነገረችን ብዬ አላማርርም፤ ልቧ ደህና ነበር።

"እኛም ዩኒቨርስቲ ሆነን ዝም አላልንም" አለች። "ቁርሳችንን ለወሎ ብለን ትተን ነበር።"

"እግዜር ይስጥሽ እታለም" አልኳት፣ "እኛ ጋ አልደረሰም።"

ሰዉ ሳቀ። እሷ ቀላች። ከዚያ ወዲህ እኔን ስታይ "ጋሼ ገበየሁ፣ ዛሬስ ቁርስ ደረሰዎት?" ማለት ልማዷ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ወደድኳት።

በየካቲት የመሬቱ አዋጅ ወጣ። የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ አራጌ ሆነ። አራጌ ጭሰኛ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ አፉ ግን ከእጁ ይፈጥን ነበር። መሬት ለመደልደል ወይራው ሥር ተሰበሰብን። እንቁ ትጽፋለች፣ አራጌ እየጠቆመ ይናገራል። ከእኔ መሬት ተነስቶ ወደ ጀብሪል ደረሰ።

"ይኼኛው የማን ነው?" አለች እንቁ።

"ጀብሪል የሚባል ሰው መሬት ነበር" አለ አራጌ። "ጥሎት ሄደ። ሁለት ዓመት ማረሻ አልነካውም።"

"የት ነው ያለው?"

"የሄዱበትን ማን ያውቃል? ከሄዱት የተመለሰ ጥቂት ነው። መሬት ለሌለው እንስጠው።"

ተነሳሁ። ብዙ ሰው ፊት መናገር አልወድም።

"እዚያ መሬት ላይ የጀብሪል ተራ አለች" አልኩ። "ያለችውም እኔ ላይ ነው።"

ገበሬው ሁሉ ነገሩ ገብቶታል። ያልገባት እንቁ ብቻ ነበረች። ስለ መቀናጆው፣ ስለ በሬው፣ ስለ ተራው ነገርኳት። ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ ደጋግሜ መለስኩ። ከዚያ ፊቷ በራ።

"እንግዲያው ቀላል ነው! ዕዳው ተሰርዟል። አዋጁ የጭሰኛን ዕዳ ሰርዞታል።"

"ጀብሪል ባላባት ነው እንዴ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ባለ አንድ በሬ ባላባት!" አለ ሌላው። ሳቁ ለጊዜው አልቆም አለ።

እንቁ እርሳሷን ነከሰች። "እሺ፣ እንዲህ ከሆነ ለምን አያርሱለትም ጋሼ ገበየሁ? በሬ ተውሰው ይረሱ፣ ዕዳዎን ይክፈሉ።"

"እኔ ካረስኩት የማን ሊሆን ነው?" አልኳት። "መሬት ላራሹ እያላችሁ አይደል የመጣችሁት? ካረስኩት የእኔ ነው ትላላችሁ። ዕዳዬን ልከፍል ሄጄ የሰውየውን መሬት ልወስድ ነው።"

"ካላረስከው ደግሞ ጦም አደረ ብለን ለሌላ እንሰጠዋለን" አለ አራጌ። "ከሁለት አንዱ ነው፣ አያ ገበየሁ። ሦስተኛ የለም።"

እውነቱን ነበር። ጀብሪል ቢመለስ የማርስለት መሬት ከሌለ ተራው ምኑ ላይ ይመለሳል? በእኔ መሬት ላይ አይመለስም፣ በእህልም አይመለስም። ሰውየው የራሱን አፈር ተገልብጦ ማየት አለበት። ደንቡ እንደዚያ ነው።

እንቁ ወደ ሜዳው አየች። ሰውን ፊደል የምታስተምረው በየዛፉ ጥላ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ይበተናል።

"የማስተማሪያ ቤት ያስፈልገናል" አለች ቀስ ብላ። "ማኅበሩ ለትምህርት የሚሆን ቦታ መያዝ ይችላል። ቤት ከሠራንበት ጦም አላደረም። አልታረሰም ደግሞ። ባለቤቱ ሲመለስ ያኔ እናወራለን።"

አራጌ አሰበ። መንግሥት ትምህርት ይወዳል። "ይሁን" አለ።

በሳምንቱ ሜዳው መሀል የሣር ጎጆ አቆምን። እንጨቱን ሰዉ አመጣ፣ ሣሩን እኔ አጨድኩ። ዘማቾቹ ጭቃ ሲያቦኩ ማየት ለልጆች ትርኢት ሆነ። ሥራው ሲያልቅ አንዱ "ዩኒቨርስቲያችሁ ተዘጋ አላችሁ፣ ይኸው እኛ ከፈትንላችሁ" አለ። ስሙ በዚያው ጸና። ሚስት ባሏ ሲጠፋባት "ዩኒቨርስቲ ሄዷል" ትላለች። ፂሙ የሸበተ ሰው "ዘንድሮ ዩኒቨርስቲ ወደቅሁ" ይላል። እኔ ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ነበር፤ መጻፍ የተማርኩት ግን እዚያ ነው። ይህንንም የምጽፈው በዚያ ትምህርት ነው።

በስድሳ ስምንት ዘማቾቹ ሄዱ። አንዳንዶቹ አስቀድመው ጠፍተው ነበር። እንቁ ስትሰናበት "ጎጆዋን አደራ" አለችኝ። ለምን እንደ ሆነ እሷም እኔም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ አልሰማሁም። ከተማ ውስጥ ወጣት ይሞታል የሚባልበት ጊዜ መጣ፤ የሚጠየቅ ሰው ስላልነበረኝ አልጠየቅሁም።

ጎጆዋ እኔ ላይ ቀረች። ተማሪው ከቀነሰ አራጌ "ቤቱ ባዶ ነው፣ መሬቱ ይደልደል" ይላል። ስለዚህ ሰው መጥራት ነበረብኝ። ከእርሻ ደክሞት የመጣን ሰው ፊደል ቁጠር ማለት ቀላል አይደለም። አስተማሪ ሲጠፋ ራሴ አስተማርኩ። ክረምት ሲመጣ ጣራው ያፈሳል፣ እከድናለሁ። ምስጥ ምሰሶውን ይበላዋል፣ እተካለሁ።

"የራስህ ጣራ ያፈሳል" ትለኛለች ሐረግ። "አንተ የጀብሪልን ትከድናለህ።"

"ተራ አለበት።"

"ሰውየው ሞቶ ቢሆንስ?"

"ልጅ አለችው።"

"ልጅቱስ?"

ማጭዴን አነሳለሁ። እሷም ገብሱን ማን እንዳበላን ታውቅ ስለ ነበር ሁለተኛ አትጠይቅም። ግን ደከመኝ። የሞተ ሰው መሬት እየጠበቅሁ እንደ ሆነ የማስብባቸው ክረምቶች ነበሩ። እንደዚያ እያሰብኩም ሣሩን አጭድ ነበር።

ጀብሪል በሰባ ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ መጣ።

ጎጆዋ ውስጥ ሆኜ ጭቃ ስለጥፍ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ስል ረዥም፣ ከስቶ የጠቆረ ሰው ቆሟል። ከጎኑ ሻሽ ያሰረች ልጅ አለች። ሀሊማ መሆኗን በዓይኗ አወቅሁ፤ የኑርጃን ዓይን ነው። ኑርጃን አልነበረችም። አልጠየቅሁም፣ በኋላ ነገረኝ፤ ደሴ ሳይደርሱ አቀስታ ላይ ቀርታለች። እሱ ከደሴ ወደ ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ ኖሯል።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ።

"ወአለይኩም ሰላም" አልኩ። እኛ አገር ክርስቲያንም ይመልሳል።

ተቃቀፍን። ሁለታችንም አጥንት ነበርን። ከዚያ ወጥቶ ጎጆዋን ዞራት።

"መሬቴ ላይ ይኼ ምንድነው?"

"ዩኒቨርስቲ ነው።"

"የማን?"

"መሬቱ ያንተ፣ ጣራው የእኔ። የከፈቱት ሄደዋል።"

ትክ ብሎ አየኝ። "አያ ገበየሁ፣ ሰው ሲርበው ያብዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። አንተ ከጠገብክ በኋላ ነው ያበድከው።"

ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ሀሊማ ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈውን ፊደል በጣቷ ትከተል ነበር።

"ተራዬስ?" አለ ስጨርስ።

"እኔ ዘንድ ናት።"

በማግስቱ አራጌ ዘንድ ሄድን። አራጌ ጀብሪልን አቅፎ ሳመው፣ ከዚያ ሊቀመንበር ሆነ።

"ጣቢያውን ማፍረስ አልችልም" አለ። "ወረዳው የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አላችሁ ብሎ ያውቀናል። የት ሄደ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ሰው መጣና አረሰው ልበል?"

"ግቢ ቀየረ በላቸው" አልኩ። "እኔ ጓሮ አምጥቼ እተክለዋለሁ። እንጨቱ ያው ነው፣ ሣሩም ያው ነው።"

"ጓሮህ ውስጥ? ጎመንህስ?"

"ጎመኑ ይማር።"

ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ጣቱን አነሳ። "እሺ። ግን ስማ አያ ጀብሪል። መሬቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ዝናቡ ሲጥል መታረስ አለበት። መሬት የለንም የሚሉ ወጣቶች በየቀኑ ደጄ ናቸው። ሰኔ ጦሙን ካገኘው እኔም አላድነውም። በሬ አለህ?"

ጀብሪል እጁን ዘረጋ። ባዶ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ አንድ በሬ ነበረኝ። የተቀናጀሁትም ከራሱ ከአራጌ ጋር ነበር። ዕጣ ጥለን ፊተኛው ተራ ለእኔ ወጥቶ ነበር።

"ተራዬን ለጀብሪል አድርጋት" አልኩት።

አራጌ ወደ እኔ ዞረ። "ታውቃለህ ምን እንደምትል? ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው። የእኔ እስኪያልቅ ያንተ ተዳፋት ይደርቃል፣ ወይም ጎርፍ ይወስደዋል። ዘንድሮ ምን ትበላለህ?"

"ያገኘሁትን።"

"ሐረግ ታውቃለች?"

ሐረግ አታውቅም ነበር። ማታ ነገርኳት። እህል እየለቀመች ነበር፣ እጇ ቆመ። ልጆቹን አየች፤ አድገዋል፣ ይበላሉ። ከዚያ መልቀሟን ቀጠለች።

"ቶሎ አርሰህ ውጣ" አለች። "የእኛ ሳይደርቅ ትንሽም ብትሆን እንድንደርስባት።"

ጎጆዋን አፍርሰን ጓሮዬ ተከልናት። ዩኒቨርስቲው ሁለተኛ ግቢውን ያገኘው እንደዚያ ነው። ጎመኑ ሞተ።

ግንቦት ሲገባ ዘነበ። በሬዎቹን ጠምጄ ሜዳው ላይ ወጣሁ። አምስት ዓመት ያልተነካ አፈር ጠንካራ ነው። የጎጆዋ ወለል የነበረበት ደግሞ በእግር ተደልድሎ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ ማረሻው እየነጠረ ይወጣል። መመለስ፣ መጫን፣ እንደገና መግባት። ነጭ የጠመኔ ስብርባሪ ከአፈሩ ጋር ይገለበጣል። ጀብሪል እርፉን ልያዝ አላለም። የእሱ ተራ ነው፣ የሚያርሰው ባለ ዕዳው ነው። ዳር ላይ ከሀሊማ ጋር ተቀምጦ ይመለከታል።

"ጠማማ ነው" ይለኛል።

"ዩኒቨርስቲ ማረስ ቀላል መሰለህ?"

"ሽማግሌ ሆነሃል በለኛ። ግራውን በሬ ያዘው፣ ይሳባል። ጥልቅ አድርግ! ለዚህ ነው ከሁመራ የመጣሁት?"

"ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ባላባት።"

ሳቀ፣ ከዚያ ሳል ያዘው። ሀሊማ ጀርባውን ደገፈችው።

ማዶ የእኔ ተዳፋት ይታየኛል። ጠዋት ጥቁር ነበር፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ደርቆ ነጣ። አየሁት፣ ዞርኩና ወደ ትልሙ ተመለስኩ። በሬዎቹ ሲደክማቸው አሳረፍኳቸው፣ እንደገና ተነሳን። እንዲሁ እያልን ሰነበትን። በመጨረሻ ከድንበሩ ድንጋይ እስከ ድንበሩ ድንጋይ ያልተገለበጠ አፈር አልቀረም።

ጀብሪል ተነስቶ ገባ። ጫማ አልነበረውም። ትልሞቹን እየተሻገረ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ሄደባት። ጎንበስ ብሎ አንድ ጓል አነሳ፣ በእጁ ፈረፈረው፣ አሸተተው፣ ጣለው። ከዚያ ወደ እኔ መጣና እጁን በቀንበሩ ላይ አደረገ።

"አልሃምዱሊላህ" አለ። "ተራዬን ወስጃለሁ። አንተ ዘንድ ምንም የለኝም።"

በሬዎቹን ፈታሁ።